የጋራ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር ሲታደስ ፋይሌ ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራረቅባቸውን የቪዲዮና የድምፅ ማቀናበሪያ ኮምፒውተሮች እጠብቃለሁ። የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ይመጣሉ። ከካሴት መንዙማ የሚገለብጡ ይመጣሉ። የሚኒ ሚዲያ ተማሪዎችም አይጠፉም። ሠርጉ ቀዝቀዝ ሲል ሶፍትዌሮቹን እናድሳለን፤ ያኔ ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ግን ሁሌም ያው ስለሆነ መልሱን እዚህ አስቀምጫለሁ። ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ላብ ወይም ስቱዲዮ የምታስተዳድሩ ሰዎችም የሚጠቅማችሁ ነገር አታጡበትም።

አፕዴት ሲደረግ ፋይሌ ይጠፋል?

አይጠፋም። ሶፍትዌሩና የእናንተ ሥራ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገባል። የእናንተ ሥራ ዩዘርስ ከሚለው ፎልደር ስር፣ በስማችሁ በተከፈተው ውስጥ ነው፤ ዴስክቶፑ፣ ዶክመንትሱ፣ ቪዲዮሱ ሁሉ እዚያ ነው። ጤነኛ አፕዴት የመጀመሪያውን ይቀይራል፣ ሁለተኛውን አይነካም።

ታዲያ «አድሰውብኝ ጠፋብኝ» የሚለው ሰው ሁሉ ይዋሻል? አይዋሽም። ግን ነገሩን ስናጣራ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ታሪክ ይወጣል። ወይ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጓል፤ ማለትም ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጓል። ወይ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ሁሉን የሚያጸዳ ሶፍትዌር ተጭኖበታል። ወይ ፋይሉ ድሮውንም ሙሉ አልነበረም። ወይ ደግሞ በአዲሱ ቨርዥን ተቀምጦ አሮጌው አልከፍት ብሎታል። ስለዚህ ቴክኒሻን «ላድሰው ነው» ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሶፍትዌሩን ብቻ ነው ወይስ ፎርማት ልታደርገው ነው? የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ትናንት ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥኩት ዛሬ የለም። ማን አጠፋው?

ማንም። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ብዙ የጋራ ኮምፒውተሮች ላይ ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ሶፍትዌር አለ። በታች በቀኝ በኩል፣ ሰዓቱ አጠገብ ትንሽ ነጭ ድብ ካያችሁ እሱ ነው። ቴክኒሻኑ ምልክቱን ደብቆት ሊሆን ስለሚችል ካላያችሁም ጠይቁ። ሥራው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ ሪስታርት በተደረገ ቁጥር ድራይቩን ወደ ተቀመጠለት መልክ ይመልሰዋል። ቫይረስ ገብቶ ከሆነ ይጠፋል። የእናንተ የሠርግ ፕሮጀክትም አብሮ ይጠፋል። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ዘዴው ያልቀዘቀዘ፣ ማለትም ዲፕ ፍሪዝ የማይነካው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሲ ድራይቭ ብቻ ይቀዘቅዝና ዲ ድራይቭ ነፃ ይሆናል። ግን ይህን በግምት አትመኑ፤ ዲውንም የሚያቀዘቅዙ አሉ። አንዲት ባዶ ፎልደር ዲ ላይ ፍጠሩ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ እዩ። ካለች አለች።

ለቴክኒሻኖች ደግሞ ይህቺን ልበል። መጀመሪያ ማቅለጥ፣ ማለትም ዲፕ ፍሪዝን ማጥፋት ነው፣ ቀጥሎ ሪስታርት፣ ከዚያ መጫን፣ አዲሱ ሶፍትዌር ተከፍቶ መሥራቱን ማየት፣ መልሶ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ሪስታርት። ድቡ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል ቀልጧል ማለት ነው። ሳያቀልጥ የጫነ ሰው በማግስቱ አሮጌውን ቨርዥን ተመልሶ ያገኘዋል፤ ከዚያ «ይሄ ኮምፒውተር ጂኒ አለበት» ይላል። በቀለጠበት ሰዓት ደግሞ የማንንም ፍላሽ አታስገቡ። ያኔ የገባ ቫይረስ አብሮ ይቀዘቅዝና ቤተኛ ይሆናል።

ገባሁ፤ ግን ዴስክቶፔ ባዶ ነው። ስሜ ግን የኔ ነው።

አትደንግጡ፣ ምንም ነገር ግን አታስቀምጡ። ዊንዶውስ አንዳንዴ የእናንተን ፕሮፋይል መክፈት ሲያቅተው ጊዜያዊ ፕሮፋይል ይሰጣችኋል። የገባችሁት በጊዜያዊ ፕሮፋይል እንደሆነ የሚገልጽ መልእክትም ብቅ ይላል። እዚያ ላይ የተሠራ ሁሉ ሳይን አውት ስትሉ ይሰረዛል። አሮጌው ፎልደር ግን ብዙውን ጊዜ ዩዘርስ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ውጡና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ግቡ። እንቢ ካለ ለቴክኒሻኑ ንገሩት። ተነጫንጮ አዲስ አካውንት የሚከፍትላችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ አሮጌውን ፎልደር እንዲገለብጥላችሁ ጠይቁ።

በኦዳሲቲ (የድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) የገለበጥኩት መንዙማ በአዲሱ ቨርዥን ይከፈታል?

ይከፈታል፣ ሙሉ ከሆነ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወሎ ላይ ካሴት ያልሞላው ቤት ጥቂት ነው፣ የሚገለበጠውም ብዙ ነው።

ኦዳሲቲ እስከ ቨርዥን 2 ድረስ አንድን ሥራ ሁለት ቦታ ከፍሎ ነበር የሚያስቀምጠው። አንዷ ኤ-ዩ-ፒ የሚል ቅጥያ ያላት ትንሽ ፋይል ናት። ሌላው ስሙ በ«ዳታ» የሚያልቅ ፎልደር ነው። ድምፁ ያለው ፎልደሩ ውስጥ ነው። ትንሿ ፋይል የትኛው ቁራጭ የት እንደሚገባ ብቻ ነው የምታውቀው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ቨርዥን 3 ሲወጣ ይህ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ፋይል ተጠቃለለ፤ ቅጥያውም ኤ-ዩ-ፒ-3 ሆነ።

አንድ ሼህ ፍላሻቸውን ይዘው መጡ። «አዲሱ ሶፍትዌር አልከፍት አለኝ፣ አሮጌውን መልስልኝ» አሉኝ። ፍላሹን ከፈትኩት። አንዲት ፋይል ብቻ አለች፣ መጠኗ ጥቂት ኪሎባይት። «ሼሁ፣ ይዘው የመጡት ስሙን ነው፤ ድምፁ የገለበጡበት ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል» አልኳቸው። ፎልደሩን ለማምጣት ቢመለሱ ያ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ቆይቷል። እሳቸው ግን አልተናደዱም። «አብሽር፣ ካሴቱ አለ» ብለው ከነቴፑ ተመልሰው መጡ። ካሴቱን የጣለ ሰው ቢሆንስ?

ስለዚህ ከመታደሱ በፊት መጠኑን እዩ። የ60 ደቂቃ ካሴት ሁለቱም ጎን ተገልብጦ በስቴሪዮ ዌቭ (ድምፁን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ሲቀመጥ 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፍላሻችሁ ላይ ያለው ኪሎባይት ከሆነ ድምፅ የለበትም። አሮጌውን ፕሮጀክት በአዲሱ ስትከፍቱት ወደ አዲሱ ዓይነት ይገለበጣል፣ አሮጌውም በቦታው ይቆያል። አዲሱን ሴቭ አድርጋችሁ፣ እስከ መጨረሻው አዳምጣችሁ ሳትጨርሱ አሮጌውን አትሰርዙ። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም፤ ቨርዥን 2 ኤ-ዩ-ፒ-3ን አያውቀውም። ፕሮጀክቱ ክፍት ሳለ ከጎኑ የሚታዩ ሌሎች ፋይሎችም የሥራው አካል ናቸው። መጀመሪያ ኦዳሲቲን ዝጉ፣ ከዚያ ገልብጡ።

ካሴት ለሚገለብጥ ሁሉ የምመክረው ግን ፕሮጀክቱን ብቻ አትመኑ ነው። ያልተነካካውን ቅጂ በዌቭ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ዌቭ ማንኛውም የድምፅ ሶፍትዌር ላይ ይከፈታል ማለት ይቻላል። ኤም-ፒ-3 ለማዳመጥ ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ ግን ከድምፁ ይቀንሳል። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት የሚቀዱ ልጆችም ይህን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።

የፕሪሚየር (የአዶቤ ቪዲዮ ማቀናበሪያ) ፕሮጀክቴ ኮምቦልቻ ካለው ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ አልከፍት አለ።

የእናንተ ታድሷል፣ የሱ አልታደሰም። በአዲስ ፕሪሚየር የተቀመጠ ፕሮጀክት በአሮጌው አይከፈትም። የድሮ ፕሮጀክት በአዲሱ ስትከፍቱ ልቀይረው ብሎ ይጠይቃችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ አዲስ ቅጂ ይሠራል። የመጀመሪያው እንዳለ ይቆያል። እሱን በስሱም አትንኩት።

በነገራችን ላይ ፕሪሚየርን የሚጭነውና የሚያድሰው ክሪኤቲቭ ክላውድ አዲሱን ሲጭን አሮጌውን ቨርዥን የማስወገድ ምርጫ አለው፤ ምልክቱ ተደርጎበት ነው የሚመጣው። ሥራ መሃል ከሆናችሁ ምልክቱን አንሱ። ሁለቱ ቨርዥኖች ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። ዲስኩ ካልጠበበ በስተቀር የሚያጣላቸው ነገር የለም።

ከጓደኛችሁ ጋር ግዴታ መሥራት ካለባችሁ ሥራውን ሌላ ቨርዥንም በሚያነበው የፋይል ዓይነት፣ በኤክስ-ኤም-ኤል ኤክስፖርት አድርጋችሁ ላኩለት። ቆረጣው ይደርሰዋል፣ አንዳንድ ኤፌክትና ጽሑፍ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። የተሻለው መላ ሁለታችሁም ሠርጉን ከጨረሳችሁ በኋላ ማደስ ነው። እንጀራ እየተጋገረ ምጣድ አይቀየርም።

ፕሮጀክቱ ተከፈተ፤ ቪዲዮው ግን ቀይ ሆኖ «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል።

ይህ ደግሞ የቨርዥን ጉዳይ አይደለም። የፕሪሚየር ፕሮጀክት ቪዲዮውን አይሸከምም። የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ኤክስተርናል ዲስኩ ትናንት ኢ ድራይቭ ነበር፣ ዛሬ ኤፍ ሆኗል፤ ወይም የፎልደሩን ስም ቀይራችኋል። ቪዲዮው ያለበትን ቦታ አሳዩት፣ አንዱን ሲያገኝ የቀሩትንም ብዙውን ጊዜ ራሱ ያገኛቸዋል። ከካሜራ ካርድ ስትገለብጡም ቪዲዮዎቹን ብቻ መርጣችሁ አትውሰዱ። ፎልደሩን እንዳለ ገልብጡት።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይስ?

ሪዞልቭም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነው፤ እሱ ላይ ግን ፕሮጀክቱ እንደ ተራ ፋይል ዴስክቶፕ ላይ አይታይም። ፕሮጀክት ላይብረሪ የሚባል የራሱ ጎተራ አለው። ትልቅ አፕግሬድ ሲደረግ ላይብረሪውንም ላሻሽለው ይላል፤ እሺ ካላችሁት አሮጌው ቨርዥን አይከፍተውም። እሺ ከማለታችሁ በፊት ፕሮጀክት ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ የላይብረሪውን ባክአፕ ውሰዱ። ሰነፍ ከሆናችሁ ቢያንስ የያዛችሁትን ፕሮጀክት ኤክስፖርት አድርጉት። ላይብረሪው ያለው ሲ ላይ ስለሆነ ፎርማት ሲደረግ አብሮ የሚሄደው መጀመሪያ እሱ ነው። ቪዲዮዎቹ ዲ ላይ በሰላም ተቀምጠው፣ የሁለት ሳምንት ቆረጣ ባዶ የሆነባቸው ልጆች አይቻለሁ።

ቪኤልሲስ?

ቪኤልሲ ማጫወቻ ብቻ ነው፤ የማንንም ፋይል አይዝም። እንደፈለጋችሁ አድሱት።

ዊንዶውሱ ራሱ ሲቀየርስ?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ-ፒ-ኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና አዲስ ዘመን ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ብዙዎቹ የላብ ኮምፒውተሮች ይህን አያሟሉም። የሚያሟሉት ላይ ፋይልና ሶፍትዌር ሳይነካ ማሻሻል ይቻላል። ያኔ አሮጌው ሲስተም «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚል ፎልደር ይቀመጣል፤ ለ10 ቀን ያህል መመለስ ይቻላል፣ ከዚያ በራሱ ይጠረጋል። ፎርማት ተደርጎ የሚጫነው ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ ምሕረት የለም።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ፎንቱን፣ የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል ነው። ፎንት ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ፋይላችሁን ብትገለብጡም እሱ አብሮ አይመጣም። አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ላይኖር ይችላል። ሌላው ፎንት ኢብሪማ አለ፣ የሙሽሮቹ ስም ግን በለመዳችሁት መልክ አይወጣም። ኒያላን ከሴቲንግስ፣ ከተጨማሪ ፊቸሮች ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶችን መርጣችሁ ታመጡታላችሁ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ታይትል ግን የባሰ ነው። ፎንቱ ከሌለ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚለው ወደ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደል ይለወጣል። የምትጠቀሙባቸውን ፎንቶች ሰብስባችሁ ከፕሮጀክቱ ጎን አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። የምትጭኗቸውን ፕለጊኖች (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላዎች) መጫኛ ፋይልም እንደዚያው።

ባክአፕ የት ልያዝ? ፍላሼ ትልቁን ቪዲዮ አልቀበልም አለ፣ ቦታ ግን አለው።

ፍላሹ ፋት-32 በሚባል የቆየ አሠራር ፎርማት ስለተደረገ ነው። ፋት-32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ 64 ጊጋ ባዶ ቢሆን እንኳ። ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉን ወይም ግሸን ላይ መስከረም 21ን ሳያቋርጥ የቀዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ፍላሹን ኤክስ-ፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፤ በእርግጥ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አውጡ።

ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ደግሞ ፍላሹን በድንጋጤ ፎርማት አታድርጉ። የታወቀ ቫይረስ ነው። ፋይሎቹ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን አትጫኑ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሩና ንጹህ ኮምፒውተር ላይ አውጧቸው።

ባክአፕ ማለት ሌላ ዕቃ ላይ ያለ ሁለተኛ ቅጂ ነው። ሲ ላይ ያለውን ዲ ላይ መገልበጥ ከፎርማት ያድናል፤ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ከሞተ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ከገለበጣችሁ በኋላ መጠኑን አስተያዩ፣ ሁለት ሦስቱንም ከፍታችሁ እዩ። ቴክኒሻኖች፣ ሮቦኮፒን (የዊንዶውስ የፋይል መገልበጫን) ስትጠቀሙ ሚር የምትለዋን ትእዛዝ ፍሩ። መነሻው ላይ የሌለውን መድረሻው ላይ ትሰርዛለች። ሁለቱን አቅጣጫ ያምታታ ሰው ባዶውን ፎልደር በሞላው ላይ ይገለብጥና ሁሉንም ባዶ ያደርገዋል።

የትኛው ቅጂ የቅርብ እንደሆነ ጠፋኝ።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል መሆኑን እዩ። እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይሸሻል። ያኔ ፋይሎች በቀን ሲደረደሩ ይቀላቀላሉ፣ ሶፍትዌር ማውረዱም እንቢ ይላል። ስም ስትሰጡም «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» እያላችሁ አትቀጥሉ። ቀን ጻፉበት። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሁሌም በእኛ፣ በፈረንጅ ከሆነ ሁሌም በፈረንጅ። አንዱ 2018 ጥር፣ ሌላው 2026 ጥር ብሎ የአንድን ሠርግ ሁለት ቦታ የከፈሉት አሉ።

እየታደሰ መብራት ቢጠፋስ?

ሶፍትዌሩ ይበላሻል፣ እንደገና ይጫናል። ፋይላችሁ ደህና ነው። የሚጎዳው በዚያ ሰዓት ክፍት የነበረ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ ሲታደስ ምንም ነገር አይከፈት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለ ኤሌክትሪክ ረጋ በሚልበት ሰዓት እንሠራለን፤ የዊንዶውስ ማሻሻያን ግን ያለ ዩፒኤስ አልነካም።

ለምን ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱም?

ሶፍትዌሩን አንዴ ብቻ እናወርድና በፍላሽ ወይም በላቡ ኔትወርክ እናዳርሳለን፤ ሁሉም ኮምፒውተር ለየብቻ ቢያወርድ ኢንተርኔቱ አይችለውም። ከዚያ በፊት አንድ ኮምፒውተር ብቻ አድሰን ለጥቂት ቀን እናየዋለን። የሌላ ሰው ማሳያ ቪዲዮ ሳይሆን የእናንተን እውነተኛ ፕሮጀክት ነው የምንከፍትበት፣ በአማርኛ ታይትሉ፣ በስልክ በተቀዳው ቪዲዮ። ያ ካለፈ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ክራክ የተደረገውንስ (ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚሠራውን ሶፍትዌር) ታድሱልናላችሁ?

አይ። ሲታደስ ክራኩ ይሰበራል፣ አዲስ ክራክ ስትፈልጉ ቫይረስ ይመጣል፣ ቫይረሱ ደግሞ የሁሉንም ፋይል ይነካል። ገንዘብ ከሌለ የሪዞልቭ ነፃው ቨርዥን፣ ወይም ሾትከትና ኬደንላይቭ የሚባሉ ነፃ የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች አሉ። ለሠርግ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ ሳላነብ ጠፋብኝ። አሁን ምን ላድርግ?

እጃችሁን አንሱ። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አታስቀምጡ፣ ሶፍትዌርም አትጫኑ፤ የምታስቀምጡት ሁሉ የጠፋው ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የፋይሉን ስም፣ በምን ሶፍትዌር እንደሠራችሁት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈታችሁበትን ቀንና የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ። ፕሪሚየር ከሆነ ከፕሮጀክቱ ጎን ኦቶ ሴቭ የሚል ፎልደር ፈልጉ። ኦዳሲቲ ከሆነ ዳግም ሲከፈት ያልተቀመጠ ሥራ ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ ተቸኩሎ አይሆንም አይባልም። የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘን የማውጣት ዕድል አለ። ኤስኤስዲ ከሆነ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው፤ ድራይቩ ራሱ የተሰረዘውን ቦታ ቶሎ ያጸዳዋል። የካሜራውን ካርድ ገና ካልሰረዛችሁት ግን እሱን ይዛችሁ ኑ፣ ከዚያ እንጀምራለን።